በሦስተኛው ፎቅ አንድ አይጥ

ግድግዳው የሚናገረው በጨዋ ሴት ድምፅ ነው። በየማለዳው «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ውሃ የሚመጣበትን ሰዓት ይናገራል፤ የቀኑ ሙቀት የት እንደሚደርስ ይናገራል፤ ከዚያ አፉን ይዘጋል። የዚያን ማክሰኞ ግን አልዘጋም።

«ዛሬ የርጭት ቀን ነው። በቤትዎ የቤት እንስሳ አለ?»

ሶልያና ትናንት ማታ ወተት የተጠጣበትን ሳህን እያጠበች ነበር። ጠርዙ የተሸረፈ፣ ሰው የማይበላበት ትንሽ ሳህን ነው። ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው። ግድግዳ ምን የሚታይ ፊት አለው? ግን ሰው ልማዱ ነው፣ የሚያናግረውን ያያል።

«የለም» አለች።

«እናመሰግናለን» አለ ግድግዳው።

ዋሸች እንዳይባል፣ ድመቷ እውነትም የሷ አይደለችም። እውነቷን ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ሳህኑን የምታጥበው ለማን ብላ ነው?

ደብረ ብርሃን በረሮ የማታውቅ ከተማ ነበረች ቢባሉ የዛሬ ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ። ሶልያና ልጅ ሳለች ውሃ በባልዲ አድሮ ጠዋት በቡጢ የሚሰበርበት ከተማ ነበር፤ ትኋን ከቆላ በሻንጣ ተሸክሞ የመጣ እንግዳ ቢኖር እንኳ ሳምንት ሳይቆይ በብርዱ ያልቅ ነበር። ባሏ ናትናኤል ዕድሜውን የጨረሰው በብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ኋላ ሙቀቱ መጣ፤ ብርድ ልብስ የሚገዛ ጠፋ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። የተዘጋ ቀን ናትናኤል አንድ ቀይ ብርድ ልብስ አቅፎ ወደ ቤት ገባና፣ ለልጅ ልጆቻችን እናሳያቸዋለን፣ ብርድ የሚባል ነገር ነበር እንላቸዋለን አለ። የልጅ ልጅ አልመጣም። የመጣው በረሮ ነው።

በረሮ ስል ሁለት ሦስት እንዳይመስላችሁ። የወጥ ቤት መብራት ሲበራ ወለሉ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ርጭት መጣ፤ እንደ ደመወዝ በየወሩ የማይቀር ሆነ። ሰው ቤቱን ለቆ ይወጣል፣ ሕንፃው ይረጫል፣ ወለሉ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለምደውት ነበር።

ለዓመታት የሚረጨው ጥላዬ የሚባል ሰው ነበር። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ የደረጃውን ብረት በቁልፍ እየደበደበ ይወጣል። «እንስሳ አውጡ! ምግብ ክደኑ! ወለሉ ሳይደርቅ የገባ የራሱ ጉዳይ ነው!» እያለ ይጮኻል። ድመቷን ደረጃው ላይ ካገኛት በብብቱ ሸጉጦ ወርዶ ለዘበኛው ይሰጣታል። ውሻ የሚችለውን መድኃኒት ድመት አትችለውም፣ ረግጣው መዳፏን ትልሳለች፣ ያን ጊዜ አለቀላት ይል ነበር። ሰሚው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጥላዬ እያለ ማን ልብ ብሎ ይሰማል? ዘንድሮ ጥላዬን ጡረታ አወጡትና መርጫውን በየቤቱ ኮርኒስ ውስጥ ቀበሩት። አሁን ቤቱ ራሱን ይረጫል። ቀድሞ ግን ይጠይቃል፤ ድመት አለች ከተባለ በየስንጥቁ የሚቀባውን ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ያደርጋል፤ የለም ከተባለ ኃይለኛውን ያወርደዋል።

ድመቷ የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም በክረምት፣ ጭብጥ የምታህል ሆና ደረጃው ሥር ተገኘች። አመድማ ናት። ሶልያና ውሮ አለቻት። ከጎን በር የምትኖረው ሀያት ጀሚላ አለቻት። ከላይ ያለው ጋሽ ያብስራ፣ የባላገር ልጅ ነኝ ማለት ይወዳልና፣ እንደ በቅሎ ዳልቻ አላት። እሷም ለሦስቱም አቤት ትላለች። ማታ ከሶልያና ወተት ጠጥታ እዚያው ታድራለች፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ሲከፈትላት ትወጣለች፣ ቀን ከሀያት ሥጋ ትቆረስላታለች፣ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ያብስራ መስኮት ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ካንዳንድ ሰው የተሻለ ኑሮ ነበራት።

ታዲያ ለምን አላስመዘገቧትም? የተመዘገበ እንስሳ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይደረግለታል፤ ማሰሪያውን የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው። የሌላ ሰው ደጃፍ ቢረግጥ በሩ ይጮኻል። እንግዲህ ከሦስቱ ማን ደፍሮ የእኔ ናት ይበል? ሶልያና ስታስበው ሀያት ትታያታለች። የሀያት አንድ ልጅ ለትምህርት ሩቅ አገር ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ ጀሚላ በልጅቷ አልጋ ላይ ስትተኛ ሀያት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ ታያታለች። ሀያት በበኩሏ የምታስበው ጋሽ ያብስራን ነው፤ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ከዳልቻ ሌላ ቀኑን አብሮት የሚውል የለም። ጋሽ ያብስራ ደግሞ ሶልያናን ያስባል። ናትናኤል በታመመ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት እግሬን በረደኝ ሲል፣ ድመቷ ሄዳ እግሩ ላይ ትተኛለት ነበር። እስኪሞት ድረስ አልተነሳችም። ከሞተም በኋላ ቀዩ ብርድ ልብስ ታጥፎ ቁምሳጥን ውስጥ ሲገባ፣ እሷም አብራ ገባች፤ መኝታዋ እሱ ሆነ። ይህን እያወቀ ጋሽ ያብስራ እንዴት አድርጎ ድመቷ የእኔ ናት ይበል? ይሉኝታ ሦስቱንም ይዟቸው ድመቷ የማንም ሳትሆን ኖረች።

ስለዚህ የዚያን ማክሰኞ ግድግዳው ሦስቱንም ጠየቀ፤ ሦስቱም የለም አሉ።

ሶልያና ጠዋት እንደ ወትሮዋ በሩን ከፍታ ነበር። ድመቷ ስትወጣ አላየችም፤ ግን መቼ አይታ ታውቃለች? ከመሄዷ በፊት ግን ልቧ አላረፈምና በደረጃው ላይ «ውሮ፣ ውሮ» ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ሀያት ወስዳታለች ማለት ነው አለች። የሀያትን በር አንኳኩቶ መጠየቅ ቀላል ነበር። ሆኖም ሀያት ድመቷን ይዛ ከሆነ፣ አምጪ ያሏት መስሎ ይሰማታል፤ ደግሞስ የሷ ያልሆነችውን ምን ብላ ትጠይቃለች? ተወችው። ድመቷን ሐኪም ቤት ይወስዱባት በነበረው ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ እንጀራዋን፣ ወጧንና ሳህኖቿን ደረደረች፤ የተከፈተ ምግብ ቤት ውስጥ አይቀርምና። ነጠላ ጣል አደረገችበትና ወረደች።

ሀያት መጣራቷን ሰምታለች። መጣራቱ ቆመ፣ ቅርጫቱም ወረደ። ተመስገን ተገኘች ብላ በሯን ዘጋች። ጋሽ ያብስራም በዘበኛው ትከሻ ተደግፎ ሲወርድ ቅርጫቱን ከላይ አይቶ፣ ሶሊ እንደሆነች አትረሳም ብሎ ደስ አለው።

የርጭት ቀን መዋያው የድሮው ኳስ ሜዳ ነው። በሸራ ጥላ ሥር ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ምግቡን ፈትቶ፣ ሽርሽር የወጣ መስሎ ይውላል። ጋሽ ያብስራ ጉልበቱን እያሸ፣ አሁን የሚሞቱት በረሮዎች በቁጥር ከኛ ዕድሜ ይበልጣሉ እያለ ያስቃቸዋል። እሱና ሶልያና አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ በእነሱ ጊዜ ሶልያናና ያብስራ የሕፃን ስም ነበር፤ ሶልያና የምትባል አሮጊት ትመጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሀያት ሳምቡሳ ይዛ መጥታለች። ሦስቱም ደህና ነበሩ። ያ ሰዓት ደስ የሚል ሰዓት ነበር፤ ኋላ ሶልያና ትዝ ሲላት የሚያንገበግባት አንዱ ይኸው ነው።

ስልኳ ጮኸ። አውጥታ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«በሦስተኛ ፎቅ፣ በቤትዎ ውስጥ፣ ያልተመዘገበ አንድ ትንሽ ትንፋሽ ተገኝቷል። አይጥ ተብሎ ተመድቧል። እየተወገደ ነው። እናመሰግናለን።»

ሶልያና ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። በዚያ ደረጃ ላይ አይጥ ከታየ ሰባት ዓመቱ ነው።

ሀያትም እየሳቀች ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለች። «ሰማሽ ወይ ጀሚላ? ስምሽን አጠፉት» አለችና ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ክዳኑን አነሳች። ሳህኖቹንና እንጀራውን አየች። ነጠላውን እንደያዘች ቀና አለች።

«እትዬ፣ የታለች?»

«አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?»

ሁለቱም ወደ ጋሽ ያብስራ ዞሩ። ጋሽ ያብስራ ሳምቡሳውን ከአፉ መልሶ አወጣው።

ሶልያና ቁምሳጥኑ ትዝ አላት። አልከፈተችውም። በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ይላል፤ ማለዳ ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፋለች፤ አንድ ጊዜም ወደ ውስጥ አላየችም። ወደ ሕንፃው ደወለች።

«ጠዋት የቤት እንስሳ የለም ብለዋል» አለ ድምፁ፤ ያው የማለዳው ጨዋ ድምፅ ነው።

«ተሳስቼ ነው። ድመት አለች። አቁሙልኝ።»

«የተመዘገበችበትን ስም ይንገሩኝ።»

ሶልያና «ውሮ» አለች። ሀያት በጎን ጀሚላ በሏት አለች፤ እሱንም አለች። ዳልቻንም አለች።

«በእነዚህ ስሞች የተመዘገበ እንስሳ የለም። ሥራው ሲያልቅ በሩ ይከፈታል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ተነስተው ሄዱ። ጋሽ ያብስራ ተዉኝ ቢላቸውም አልተዉትም፤ ግራና ቀኝ ደግፈው እየጎተቱት ሄዱ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ ምስኪን፣ እሱም ያለው ቁልፍ የዘበኛ ቤቱ ብቻ ነው። የብረቱን በር አብሯቸው ገፋ፤ አብሯቸው ተወው። ሶልያና ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የራሷን መስኮት አየች። መስኮቱ ደመና የዋጠው መስሎ ነጣ፣ ቆየ፣ መልሶ ጠራ። ሀያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው። ሶልያናም የምታውቀውን ሁሉ ጸለየች። ጸሎቷ አጭር ነበር፤ ከቁምሳጥኑ አትውጣ ነበር የምትለው። እዚያው ተኝታ ብትቆይ፣ ወለሉን ባትረግጥ።

ወጥታ ነበር። ድመት ጭር ያለ ቤት ውስጥ ስትነቃ ሰው ትፈልጋለች።

በሩ ሲከፈት ሶልያና ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ቤቱ ምንም አይሸትም፤ አዲሱ መድኃኒት ሽታ የለውም። በረሮዎቹ ወጥ ቤት ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለዋል። እርጥቡን ወለል የረገጠ ትንሽ የእግር ዱካ ከቁምሳጥኑ እስከ ውጭው በር ሄዷል፤ በሩ ሥር ብዙ ጊዜ ዞሯል፤ ከዚያ ወደ ቁምሳጥኑ ተመልሷል። ቀዩ ብርድ ልብስ ላይ ነበረች። ትንቀጠቀጣለች፤ አፏ አረፋ ይዟል፤ ዐይኗ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ሶልያናን ስታይ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ሀያት በለብታ ውሃና በሳሙና መዳፎቿን አጠበችላት፤ አንድ ባንድ፣ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር፣ የሕፃን እጅ እንደሚታጠብ። ፀጉሯንም አጠቡላት። እንዳይበርዳት በብርድ ልብሱ ጠቀለሏትና ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰዷት። ጋሽ ያብስራም ተከተላቸው፤ ጉልበቱን ረስቶት ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ሐኪም ወጣት ናት፤ መርፌዋን አዘጋጅታ መሣሪያው እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። መሣሪያው ከዘንድሮ ጀምሮ ያለ ባለቤት ስም አይከፈትም።

«የማን ናት?» አለች።

ሦስቱም ዝም አሉ።

በዚያች ሰዓት እንኳ! ሶልያና ሀያትን አየች፤ መዳፏን ያጠበችላት እሷ ናት፣ እሷ ትበል አለች በልቧ። ሀያት ጋሽ ያብስራን አየች። ጋሽ ያብስራ ወደ ሶልያና ዞረ፤ ዐይኑ እንባ ሞልቷል። ብርድ ልብሱ በሶልያና ክንድ ላይ ይርገፈገፋል።

«የማን ናት? እባካችሁ፣ ጊዜ የለንም።»

«የእኔ ናት» አለች ሶልያና። ስትለው አፈረች፤ የሰው ነገር የሰረቀች ያህል ተሰማት። ሀያት ግን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት፤ ጋሽ ያብስራም ራሱን ነቀነቀ።

መርፌው ተወጋ። ሐኪሟ የምትችለውን ሁሉ አደረገች፤ ሶልያና ቆማ አይታለች፣ ሐሰት አትናገርም። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ደህና ሆነች መሰላቸውና ሀያት ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ መንቀጥቀጡ ጨርሶ ቆመ፤ ብርድ ልብሱም ከሱ ጋር ዝም አለ።

የቀበሯት ከኳስ ሜዳው ዳር፣ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ነው። ዘበኛው ቆፈረላቸው። ሀያት ብርድ ልብሱን ልትፈታ ስትል ሶልያና ከለከለቻት።

«እትዬ፣ የጋሽ ናትናኤል አይደለም እንዴ?»

«የሷም ነው። ተዪው፣ ይልበሳት።»

ከሜዳው የሚመለሱ ሰዎች ቆም ብለው ያያሉ፤ ድመት መሆኑን ሲያውቁ አንዳንዱ ይስቃል። ጋሽ ያብስራ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሳቂዎቹ ፊተኛ እሱ ነው። ያን ቀን በአደባባይ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ሶልያና አላለቀሰችም። እሷ ያለቀሰችው ማታ ሳህኑን ከመደርደሪያው ስታነሳ ነው።

በሳምንቱ ከሕንፃው አንድ ትንሽ ጥቅል መጣላት። ክሊኒኩ የሷንና የድመቷን ስም ሲያስገባ ምዝገባው ለሕንፃው ሄዷል ማለት ነው፤ የመሞቷ ነገር ግን አልሄደም። ውስጡ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ነበር። «ውሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ» ይላል። ሶልያና ስልኩን አንስታ ድመቷ ሞታለች ልትል ነበር። ጀመረችውና ተወችው። ቁምሳጥኑን ከፍታ፣ ብርድ ልብሱ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ማሰሪያውን አስቀመጠችው።

የሚቀጥለው የርጭት ቀን ሲደርስ ሀያትና ጋሽ ያብስራ እሷ ዘንድ ነበሩ፤ አሁን ጠዋት ጠዋት አብረው መቀመጥ ጀምረዋል፤ የሚያገናኛቸው ስላልቀረ ራሳቸው መገናኘት ነበረባቸው። ግድግዳው እንደምን አደራችሁ አለ።

«ዛሬ የርጭት ቀን ነው። ድመትዎ ውሮ በቤት አለች?»

ሀያት ሶልያናን አየቻት። ጋሽ ያብስራ ወለሉን አየ።

«አለች» አለች ሶልያና።

«ለድመት የሚስማማው መድኃኒት ይደረጋል። የወተት ሳህኗን ማንሳት አይርሱ። እናመሰግናለን።»

ሀያት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሶልያና ተነስታ ከመደርደሪያው ሳህኑን አወረደች፤ ንጹሕ ነው፣ ያም ሆኖ አጠበችው፤ በቅርጫቱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው። ከግድግዳው ሥር አንድ በረሮ ብቅ ብሎ ጢሙን አወዛወዘ፤ ጫማዋን አላነሳችበትም።

ሀያት ጋሽ ያብስራን ደግፋ ቀደመች። ሶልያና ቅርጫቱን ይዛ ወጣችና በሩን ልትዘጋ ስትል፣ በሩ በዚያው በጨዋ ድምፅ፣

«ድመትዎ ቤት ውስጥ ናት» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ሶልያና፤ እንዳይሰማ አድርጋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።